ክሩን ማገላበጥ ብቻ አይበቃም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤዝ ጊታር ለግራኞች

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ቤዝ እጫወታለሁ፤ ግራኝ ነኝ። ጃዝ ቤዝ የሚባለውን ሞዴል የሚመስል ባለ አራት ክር የቀኝ ቤዝ በርካሽ ተገኝቶልኛል። ገልብጬ ክሮቹን ባዟዙር ይሆናል? ጓደኞቼ «ጂሚ ሄንድሪክስም የቀኝ ጊታር ገልብጦ ነበር የሚጫወተው» እያሉ ያበረታቱኛል። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ክር ማዟዟር የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሄንድሪክስ የገለበጠው ጊታር ነው፤ ክሩ ቀጭን ነው። ቤዝ ላይ ጣጣው የሚጀምረው ከክሩ ውፍረት ነው። የተለመደው የአራት ክር ስብስብ ከቀጭኑ ጂ ወደ ወፍራሙ ኢ 0.045፣ 0.065፣ 0.085 እና 0.105 ኢንች ነው። ቀጭኑ 1.1 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በፊት ያለችው ነት የምትባል ቁራጭ ለእያንዳንዱ ክር በልኩ የተሞረደ ቦይ አላት። ወፍራሙን ኢ ወደ ጂ ቦይ ቢወስዱት አይገባም፤ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች አንዱን) ሲጫኑ ክሩ ብዙ ስለሚጎብጥ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ደግሞ ከቦታው ይፈናጠራል። ጂ በበኩሉ በኢ ሰፊ ቦይ ውስጥ ሰምጦ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሳይጫኑ ሲመቱት ይንጫጫል።

ብዙ ሰው ነቷን ነቅሎ፣ አዙሮ ይመልሳትና የተገላገለ ይመስለዋል። የቦዩ ወለል ግን ሜዳ አይደለም፤ ወደ መቃኛዎቹ ያዘቀዝቃል። ክሩ ማረፍ ያለበት ከፍሬቶቹ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ነቷ ስትዞር ቁልቁለቱም አብሮ ይዞራል፤ ክሩ ከኋላ አርፎ ከፊት ያለውን ወለል እየነካ ይነዝራል። ይህ ንዝረት ለበገና ጌጡ ነው፤ ለቤዝ ግን ብልሽት ነው።

ስለዚህ አዲስ ነት ያስፈልጋል፦ ለግራኝ የተዘጋጀ ወይም ቦይ ያልወጣለት። ከመግዛትዎ በፊት የአንገቱን ስፋት እዚያው ነቷ ጋ ይለኩ። የጃዝ ዓይነት 38 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው የተለመደ ሞዴል፣ የፕሪሲሽን ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ 41 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አሮጌዋን ከማንሳትዎ በፊት ዙሪያዋን ያለውን ቀለም በስለት ይሰንጥቁት፤ አለበለዚያ ከአንገቱ ቀለም ቀርፋ ይዛ ትወጣለች። ከፍሬቱ በኩል ትንሽ እንጨት አስደግፈው በቀላል መዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጓት። የአዲሷን ቁመት የሚቀንሱት ከታች በመሞረድ ነው። ለማጣበቅ ሁለት ጠብታ ይበቃል፤ ሙጫ ካበዙ በሚቀጥለው ጊዜ ስትነቀል እንጨት ይዛ ትመጣለች። ቦዩ በልኩ መሆኑን ለማወቅ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይጫኑና የመጀመሪያውን ፍሬት ይመልከቱ። በክሩና በፍሬቱ መካከል የአንድ ወረቀት ያህል ክፍተት ከቀረ ጨርሰዋል። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ቦዩ ከመጠን በላይ ጠልቋል፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

ቀጥሎ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል። ወፍራሙ ክር የሚያርፍባት ማስተካከያ ከሁሉም ይልቅ ወደ ኋላ የተሳበች መሆን አለባት፤ አሁን ግን እዚያ ቦታ ላይ ያለችው የጂ ናት። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው የሚያወጡትን ድምፅ፣ እዚያው ላይ ክሩን በስሱ ነክተው ከሚያወጡት ጋር በመቃኛ መሣሪያ ያወዳድሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ማስተካከያዋን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይግፉ።

የአካሉን ነገር ግን ሞረድም ካቻቪቴም አያስተካክለውም። ከአንገቱ ጎን የሚወጣው የአካሉ ረጅም ቀንድ ወደ ታች ይዞራል፤ የማንገቻው ቁልፍ ወደ አጭሩ ቀንድ መዛወር ስላለበት አንገቱ ወደ መሬት ይወድቃል። ክር እየተጫነ አንገቱ ላይ መሮጥ ያለበት እጅዎ ሸክም ያዥ ሆኖ ያመሻል ማለት ነው። የቮልዩምና የቶን ቁልፎቹ ወደ ላይ ስለሚመጡ ክንድዎ ይነካካቸዋል፤ ኬብሉም እዚያው ስለሚሰካ ጫፉ የታጠፈ ኬብል ይግዙ። ከአሥራ ሰባተኛው ፍሬት በላይ መድረስ ያስቸግራል፤ ለመዝሙር አጃቢ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። በአንገቱ ጎን ያሉት ነጥቦችም ከዓይንዎ ይሰወራሉ። በአዲሱ የላይኛው ጎን 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 12ኛ ፍሬት አጠገብ የጥፍር ቀለም ጠብ ቢያደርጉ ይበቃል።

የእኛ ሐሳብ፦ የቤዙን ዋጋ፣ የነቷንና የባለሙያውን ክፍያ ደምሩት። ድምሩ ለርካሽ የግራኝ ቤዝ ከተጠጋ ይተዉት። መገልበጥ ግድ ከሆነ ግራ ቀኙ እኩል የሆነውን፣ የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን ይፈልጉ። የቢትልስ ባንድ ግራኝ ቤዚስት ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የገዛው ሆፍነር የተባለ ቤዝ ይህ ቅርጽ ነበረው፤ ቅርጹን የወደደበት አንዱ ምክንያትም ለግራኝ ሲገለበጥ ጠማማ አለመምሰሉ ነው።

ጥያቄ፦ የምጫወትበት ክለብ ያለው ቤዝ አንድ ነው፤ የቀኝ ነው፤ ተረኞቹም ብዙ ነን። ክር እየቀያየርኩ መኖር አልችልም። ምን ይሻለኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክሩን ሳይነኩ ገልብጠው መጫወት። ኢ ከታች፣ ጂ ከላይ ይሆናል። ቀልድ አይደለም፤ የየሎውጃኬትስ ባንድ ቤዚስት የነበረው ጂሚ ሃስሊፕ የሚጫወተው በዚሁ መንገድ ነው። ትርፉ የማንንም ቤዝ አንስተው መድረክ መውጣትዎ ነው። ኪሳራው አውራ ጣት በሚመታበት የስላፕ አጨዋወት ላይ ይመጣል፤ አውራ ጣትዎ የሚያገኘው ወፍራሙን ሳይሆን ቀጭኑን ክር ስለሆነ ዘዴውን በሙሉ እንደገና መሥራት አለብዎ። ጀማሪ ከሆኑና ገና ጥቂት ሳምንት ከሆነዎ ግን እንደ ቀኝ ሰው መጀመርንም ያስቡበት። ሦስት ዓመት ከተጫወቱ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ ባንድ ቤዝ ልትጀምር ነው። የምትጽፈው በግራዋ ነው። መምህሩ «በቀኝ ትማር፣ ሁለቱም እጅ እኩል ይሠራል» ይላል። እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱም እጅ ይሠራል፤ ሥራቸው ግን አይመሳሰልም። አንዱ ኖታውን ይይዛል፤ ሌላው ጊዜውን ይመታል። ቤዝ ላይ ጊዜው ነው የሚበልጠው። ስለዚህ በምን እጇ እንደምትጽፍ አይጠይቋት። የምትወደውን ዘፈን ይክፈቱላትና ባዶ እጇን ቤዝ የያዘች አስመስላ እንድትጫወት ይጠይቋት፤ በሌላ ቀን ሳታስበው ይድገሙት። ሁለቴም በግራዋ ከመታች መልሱ ያ ነው። ካመነታች ወይም በቀኟ ከመታች የትምህርት ቤቱን የቀኝ ቤዝ ትውሰድ፤ ዕድሜ ልኳን መሣሪያ ለማግኘት አትቸገርም።

የግራኝ ከሆነች አጭር ቤዝ ይግዙላት። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት ከነት እስከ ብሪጅ 34 ኢንች ነው፤ አጭሩ 30 ኢንች። በረጅሙ ላይ ከነት እስከ መጀመሪያው ፍሬት 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአጭሩ 43። አምስት ሚሊ ሜትር ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለ11 ዓመት ልጅ ግን በትንሿ ጣቷ መድረስና አለመድረስ ነው። ከሆፍነር ርካሹ ኢግኒሽን የተባለው የቫዮሊን ቅርጽ ቤዝ በግራኝም ይሠራል፤ ቀላልም ነው። ክር ሲቀይሩ የአጭር ቤዝ ክር የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዙ። የረጅሙን ከገዙ ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ይጠመጠምና ይሰበራል። ታብ የሚባለው የቤዝ ጽሑፍ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። መምህሩ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ መስታወት ታየዋለች፤ ከጓደኞቿ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የግራኝ ቤዝ በኢንተርኔት ልገዛ ነው። በፎቶ ብቻ እንዴት ልመን? (ከናታንያ)

መልስ፦ መጀመሪያ በቤዙ ራስ ላይ፣ መቃኛዎቹ ባሉበት፣ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ያንብቡ። ፊደሉ ወደ ኋላ ከተነበበ ፎቶው የተገለበጠ ነው፤ የቀኝ ቤዝ ነው። አንዳንዱ ሻጭ በማጭበርበር፣ አንዳንዱ ራሱን በስልክ አንስቶ ሳያውቀው ያደርገዋል። ቀጥሎ ቤዙ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ እርስዎ ሆኖ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። የእውነት የግራኝ ከሆነ ወፍራሙ ክርና ረጅሙ ቀንድ በእርስዎ ቀኝ፣ ቁልፎቹ ከታች በግራ ይሆናሉ። ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ) እንደ ፕሪሲሽን ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ለወፍራሞቹ ክሮች የተሠራው ግማሽ ወደ አንገቱ የቀረበው ነው። በተገለበጠ የቀኝ ቤዝ ላይ ይህ ይገላበጣል፤ ኢ ጠበቅና ጠራ ያለ ድምፅ ይሰጣል። የሚወዱት አሉ፤ ግን እያወቁ ይግዙት።

ከዚያ የነቷን የቅርብ ፎቶ ይጠይቁ። የአካሉን ጀርባና ጎን ፎቶም እንዲሁ፤ የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ካለ ተገልብጦ የነበረ ነው። በመጨረሻ አራቱም ክር ተራ በተራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬት ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ። ሻጩ ለዚህ ሁለት ደቂቃ ከሌለው ለገንዘብዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

በሞዴል ስም መጨረሻ የሚመጣ ኤል ወይም ኤልኤች ብዙ ጊዜ ግራኝ ማለት ነው። ለምሳሌ በጀርመኑ ቶማን ሱቅ የሚሸጠው ሃርሊ ቤንተን ፒቢ-50 ኤልኤች እንዲሁ ተሰይሟል። ዋጋው የጀማሪ ነው፤ እንደደረሰ ግን ማስተካከል ይፈልጋል። ክሩን በመጀመሪያውና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑና መሃል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ይለኩ። 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ደህና ነው። መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩበት ስስ ብረት ከሌለዎ ሦስት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደርበው ያስገቡ። ክፍተቱ ከሰፋ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ እንደገና ቃኝተው ይለኩ። ለግራኝ ብሎ የሚገለበጥ ብሎን የለም።

ጠንካራ ሳጥን ከገዙ ደግሞ በውስጡ በቅርጽ የተሠራ አይሁን፤ የቀኝ ቅርጽ ስለሆነ የእርስዎ አይገባበትም። አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም ለስላሳ ቦርሳ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ የግራኝ ቤዜ ቮልዩሙን ገና ስነካው ድምፁ ዘሎ ይወጣል፤ ከግማሽ በኋላ ባዞረው ለውጥ የለም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የቀኝ ፖት (ከቁልፉ ሥር ያለው የድምፅ መቆጣጠሪያ) ሽቦው ተገልብጦ ተገጥሞበት ነው። የድምፅ ፖት በእኩል አይጨምርም፤ ለጆሮ እንዲስማማ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ በፍጥነት ነው። ሽቦውን ገልብጠው ወደ ግራ እንዲከፈት ሲያደርጉት ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ፖቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ፦ ኤ የሚል ፊደል ያለው የቀኝ ነው፣ ቢ እኩል የሚጨምር፣ ሲ የግራኝ። ባትሪ የሌለው ቤዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 250 ኪሎ ኦም ነው፤ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሲ ያስገጥሙ። ሲ ካላገኙ የሁለቱን ዳር እግሮች ሽቦ ያቀያይሩ፣ ከፖቱ ሽፋን ጋር የተያያዘው የግራውንድ ሽቦም አብሮ ይዛወር። ያኔ እንደ ቀኝ ሰው ቤዝ በሰዓት አቅጣጫ ይከፈታል፤ በሳምንት ይለምዱታል።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ነው። የግራኝ ቤዜንና አምፕሊፋየሬን ይዤ ልሂድ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ቤዙን አዎ፤ ለግራኝ እዚያ ምርጫው ጠባብ ነው። ክር ለግራም ለቀኝም አንድ ቢሆንም ሦስት አራት ስብስብ ይያዙ። ባትሪ ያለው ቤዝ ከሆነ ኬብሉን ሁልጊዜ ይንቀሉ፤ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው ይበላል።

ለአምፑ ጀርባውን ይመልከቱ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ ቀይረው ይሰኩት። 220 እና 120 የሚመርጡበት ማብሪያ ካለው ከመሰካትዎ በፊት ያዙሩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ ያለው መብራት 220 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ሲሰካ ፊውዙ ይሄዳል፤ ዕድል ካልቀናም ትራንስፎርመሩ። መቀነሻ ትራንስፎርመር ከገዙ አምፑ የሚያወጣውን ዋት ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን፣ ከመብራት የሚወስደውን ዋት አይተው የዚያን እጥፍ የሚችል ይምረጡ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ስለሆነ ከባዱ የብረት ትራንስፎርመር ያለው አሮጌ አምፕ ከለመደው በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለውን እዚያው ሸጠው በሁለቱም ቮልት የሚሠራ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚመዝን ትንሽ የአምፕ ራስ ይግዙና ድምፅ ማጉያ ሳጥኑን አዲስ አበባ ይፈልጉ። ለሳጥን ግራና ቀኝ የለውም።