ለአዲስ አኳሪየም ሦስት ቀን ይበቃዋል ወይ?

ጥያቄውን ያቀረቡት ወንድማችን የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው ባለ 60 ሊትር አኳሪየም ካዘጋጁ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፣ ፊልተሩ ይሠራል፣ ውኃውም ጠርቷል፤ የሸጡላቸው ሰው «ሦስት ቀን ካረፈ ይበቃዋል» ስላሏቸው ነገ ስድስት ጎልድፊሽ ለማስገባት አስበዋል። ምክሬ ነገ እንዳያስገቡ ነው። ሦስቱ ቀን የጠቀመው የቧንቧ ውኃ የሚታከምበት ክሎሪን ከውኃው እንዲወጣ ብቻ ነው። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሦችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨርሳቸው ግን በአብዛኛው ራሳቸው የሚያስወጡት አሞኒያ ሲሆን፣ ያንን አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በእርስዎ አኳሪየም ውስጥ ገና አልተባዙም።

ዓሣ አሞኒያን የሚያስወጣው በዋናነት በስንጥቡ በኩል ነው፤ የተረፈ ምግብና የዓሣው ኩስም ሲበሰብሱ ያንኑ ይጨምራሉ። አንደኛው የባክቴሪያ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፣ ውኃው ውስጥ በቂ ኦክስጅን እያለ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ ያለከልካል። ናይትሬት ግን በመጠኑ እስከሆነ ድረስ ብዙም ስለማይጎዳ በየጊዜው ውኃ በመቀየር ይቀነሳል። ሳይክል ማድረግ የምንለው እነዚህን ሁለት ቡድኖች ዓሣ ከመግባቱ በፊት አሳድጎ ማዘጋጀት ነው። የውኃው መጥራት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም፤ አሞኒያም ናይትራይትም በዓይን አይታዩም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ነገር መመርመሪያ ነው። በጠብታ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ባለወረቀት መመርመሪያዎች አሞኒያን ጨርሶ አይለኩም፣ እርስዎ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት እሱኑ ነው። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውኃውን አሲድነት የሚያሳይ ቁጥር) የሚለካ ይሁን። የቧንቧዎን ውኃም አስቀድመው ይመርምሩ፤ አለበለዚያ ከቧንቧው የመጣውንና በአኳሪየሙ ውስጥ የተፈጠረውን መለየት አይችሉም።

ቀጥሎ ባክቴሪያው የሚመገበው አሞኒያ መስጠት ነው። ብዙ ሰው የዓሣ ምግብ በየቀኑ እየበተነ እስኪበሰብስ ይጠብቃል። ይህም ይሠራል፤ ነገር ግን ምን ያህል አሞኒያ እንደገባ አይታወቅም፣ ይሻግታል፣ ይሸታልም። እኔ የምመክረው ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ ይህ የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ቤቶች የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። ለ60 ሊትር ውኃ 0.38 ግራም ያህል ቢጨመር አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም ይሆናል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በቤት ሚዛን መመዘን ስለማይቻል፣ 7.6 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠው፣ ከልጆች ርቆ በተከደነ ጠርሙስ ያስቀምጡና በየጊዜው ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ለጽዳት የሚሸጥ ፈሳሽ አሞኒያ ካገኙ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት መሆን አለበት፤ ሲነቀነቅ አረፋ ይዞ ከቆየ ይተዉት።

የመጀመሪያውን መጠን ከጨመሩ በኋላ ለበርካታ ቀናት ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ከዚያ አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱም መውጣት ይጀምራል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሞኒያው ዜሮ ሲገባ በየቀኑ ሙሉ መጠን ይጨምራል። ነገር ግን በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ከ5 ሚሊግራም በላይ ናይትራይት ስለሚሆን፣ ይህም ለብዙዎቹ መመርመሪያዎች የመጨረሻው መስመር ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ቀለሙ እዚያው ቆሞ ይቀርና ናይትራይቱ እየወረደ ይሁን እየጨመረ ማወቅ አይቻልም። ናይትራይቱን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚባዙት ዘግይተው ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት ግማሹን መጠን ብቻ፣ ያውም በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይስጡ፤ ቀለሙ ከመስመሩ አልፏል ብለው ከጠረጠሩ ግማሹን ውኃ ይቀይሩ። ባክቴሪያው በብዛት የሚኖረው በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቆ እንጂ በውኃው ውስጥ ስላልሆነ ውኃ መቀየር ወደ ኋላ አይመልስዎትም። ከሌላ ሰው አኳሪየም «የበሰለ ውኃ»፣ ማለትም ዓሣ የቆየበትን ውኃ፣ ማምጣትም ብዙ የማይጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጊዜውን በእውነት የሚያሳጥረው የቆየ ስፖንጅ ነው። ዓሦቹ ጤናማ የሆኑ ወዳጅ ካለዎት ከፊልተራቸው ስፖንጅ ቆርጠው፣ በራሳቸው የአኳሪየም ውኃ ውስጥ እንዳለ በዚያው ቀን አምጥተው ከእርስዎ ፊልተር ውስጥ ያስገቡት። እንዳይደርቅ፣ በቧንቧ ውኃም እንዳይታጠብ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በጠርሙስ ስለሚሸጠው ባክቴሪያ ብዙ ክርክር አለ። አንዳንዱ በትክክል ይሠራል፤ ሆኖም በመንገድ ላይ ሙቀት ያገኘው ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ የከፈሉት ለውኃ ነው። ከጨመሩትም በኋላ ቢሆን የሚያምኑት መመርመሪያውን ይሁን።

አዲስ አበባ ላይ ልዩ ትኩረት የሚሹ ነገሮች አሉ። አንደኛው ብርድ ነው፤ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) የሌለው አኳሪየም በሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የባክቴሪያው እድገት በእጅጉ ይዘገያል። ጎልድፊሽ ቅዝቃዜን የሚወድ ዓሣ ቢሆንም ለሳይክሉ ጊዜ ውኃውን ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ያድርሱት፤ ዓሣው ሲገባ ዝቅ ያደርጉታል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም፤ ስለዚህ ፊልተሩ ቢኖርም የአየር ፓምፕ ይጨምሩ። ሦስተኛው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ በዝግ ፊልተር ውስጥ የታቆረው ውኃ ኦክስጅኑ ያልቃል። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ፊልተር ግን ውኃው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ ይህን ይቋቋማል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካለ ደግሞ ሥራው አይቋረጥም። ከተማችን ላይ ከውዱ ዝግ ፊልተር ይልቅ ርካሹን ስፖንጅ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ለሚቀይሩት ውኃ፣ ከቧንቧ የተቀዳውን በክፍት ባልዲ አየር እየነፉበት አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ማከሚያ ደግሞ ወዲያውኑ ያጠፋዋል። በውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ግን ማሳደሩን አትመኑበት፤ ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የቧንቧው ውኃ የሚታከመው በአብዛኛው በክሎራሚን (በክሎሪንና በአሞኒያ ውሕድ) ስለሆነ በማሳደር አይወጣም።

ሁሉም ነገር እየሄደ ሳለ በድንገት ከቆመ ፒኤቹን ይለኩ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ በውኃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት እየጨረሱ ይሄዳሉ፤ እሱ ሲያልቅ ፒኤቹ ይወርድና ከ6.5 በታች ሥራቸው ይዳከማል፣ ብሎም ይቆማል። ውኃ መቀየር ወይም ለ50 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መጨመር ይመልሰዋል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ዓሣ ስለሌለ ነው። ፒኤች በአንድ ሲጨምር መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ወደ ዐሥር እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ዓሣ ባለበት በድንገት ማድረግ አደገኛ ነው።

ማለቁን የሚያውቁት በቀን ቆጠራ አይደለም። ሙሉውን 2 ሚሊግራም ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ይህም በማግስቱ ሲደገም አልቋል። ያለ ቆየ ስፖንጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መውሰዱ የተለመደ ነው። ከዚያ የተከማቸውን ናይትሬት ለመቀነስ አብዛኛውን ውኃ ይቀይሩና ዓሣውን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያስገቡ፤ ካልተመቸዎት ባክቴሪያው እንዳይራብ አሞኒያ መስጠቱን ይቀጥሉ።

ስለ ስድስቱ ጎልድፊሽ ግን ሳይክሉ ቢያልቅም አልስማማም። ጎልድፊሽ ትልቅ የሚሆንና ቆሻሻው የበዛ ዓሣ ስለሆነ 60 ሊትር ለስድስት ቀርቶ ለአንድም ሲያድግ ይጠብበታል። ለልጆች ደስታ ከሆነ በዚህ መጠን ጉፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ጥቂት ወንዶች ይሻላሉ፤ ሂተሩንም ያኔ አያነሡትም። ሲያስገቡ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይለኩ፤ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በሊትር 0.25 ሚሊግራም ካሳየ ምግቡን ቀንሰው ሲሶውን ውኃ ይቀይሩ።