ስፌቱ የለቀቀ ዌትሱት፦ መጀመሪያ ሙጫ፣ ከዚያ ክር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከሳልባጅ የገዛኸው ዌትሱት (ውሃ ውስጥ እንዳይበርድ የሚለበሰው የጎማ ልብስ) ብብቱና ጭኑ ላይ ስፌቱ ለቋል፣ ላንጋኖ ከመውረድህ በፊት ፒያሳ አካባቢ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጠቁሙኝ ነው ያልከው። ልብስ ሰፊውን እርሳው። ቤትህ ቁጭ ብለህ ራስህ ትሠራዋለህ።

ለምን መሰለህ? የሰፊው መኪና ጨርቁን ወግቶ ወዲያ ማዶ ነው የሚያልፈው። ዌትሱት የሚሠራበት ኒዮፕሪን ደግሞ በጋዝ የተሞሉ ጥቃቅን አረፋዎች ያሉት ጎማ ነው። መርፌው በበሳው ቁጥር ቀዳዳው አይደፈንም። ቀጥ ያለ ስፌትም አይለጠጥም፤ ክንድህን ወርወር ስታደርግ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ጎማው ይተረተራል።

አሁን ስፌቱን ገልብጠህ እይ። ክሩ በውስጥም በውጭም ሰፋ ብሎ ከታየ ፍላትሎክ ነው። ለሞቃት ውሃ የሚሠራ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣም ውሃ ያስገባል። እሱ ላይ ብዙ አትድከም፣ የተበጠሰውን ክር ብቻ በእጅ መልስ። ክሩ በአንድ በኩል ብቻ ከታየ ግን ብላይንድ ስቲች ነው። ጠርዝና ጠርዙ በሙጫ ተጣብቆ፣ መርፌው ከውፍረቱ ግማሹን ብቻ ነክሶ ያለፈበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ውሃውን የሚያግደው ሙጫው ነው፣ ክሩ ደጋፊ ነው።

የሚያስገባውን ቦታ ለማግኘት የጎሚስታ ዘዴ ይሠራል። የእጅጌውን ጫፍ አጥብቀህ ያዝ፣ በሌላው በኩል አየር ሙላ፣ ስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ብብት ስር ብዙ ስፌት ስለሚገናኝ እዚያ አትቸኩል።

ወደ ሙጫው እንምጣ። ዘመድ ከውጭ ያምጣልኝ እንዳትል፤ የኒዮፕሪን ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። መርካቶ የጫማ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሂድና ማስቲሽ ጠይቅ። ቆርቆሮው ላይ ፖሊክሎሮፕሪን የሚል ካለበት ያዘው፤ ኒዮፕሪን ራሱ ፖሊክሎሮፕሪን ነው። ሱፐር ግሉ አታስጠጋ፣ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። የካላማዳሪያ ሶሉሽንም ለሌላ ሥራ ነው።

ልብሱን በንጹህ ውሃ እጠበውና ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ ኒዮፕሪንን አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ታውቀዋለህ። የለቀቀውን ጠርዝ ከፋርማሲ በገዛኸው አልኮል ጥረግ። ከዚያ በክብሪት እንጨት ሁለቱንም ጠርዝ ስስ አድርገህ ቀባና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተወው። በጣትህ ጀርባ ስትነካው ያዝ ማድረግ አለበት፣ ግን ጣትህ ላይ መቅረት የለበትም። አንዴ ድገምና እንደገና ጠብቅ። ስትገጥመው ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ ቀስ በቀስ ነው፤ አንዴ ከነካ አይላቀቅም። በጣትህ እየቆነጠጥክ ጫነው፣ ከዚያ 24 ሰዓት አትንካው።

ክረምት ላይ ከሆነ ጠንቀቅ በል። እርጥበት ባለበት ቀን ሙጫው ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያርፍበታል፣ ያኔ አይዝም። ዝናብ ያላረገዘ ቀን ጠብቅ። መስኮት ክፈት፤ ከሰልም ሻማም አጠገብህ አይኑር። የሙጫው ሽታ ራስ ያዞራል።

ክሩ ከሙጫው በኋላ ነው። ቆልመም ያለ መርፌ ያስፈልግሃል፤ ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ይገኛል። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ጨርቁንና የጎማውን ግማሽ ብቻ እየነከስክ ስፋ፤ መርፌው በወዲያኛው በኩል ብቅ ካለ መልሰህ አውጣው። ክሩን አትጎትተው። ጠርዙ ከተኮማተረ አጥብቀሃል ማለት ነው።

አንድ ያልነገርከን ነገር ውፍረቱን ነው። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባልኩህ መንገድ ሂድ። 2 ሚሊሜትር ከሆነ ግን መርፌውን ግማሽ ላይ ማቆም ከባድ ነው፤ ሙጫውን ብቻ አድርግና በውስጥ በኩል ከአሮጌ ኒዮፕሪን የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ለጥፍበት። ጫፎቹን ክብ አድርገህ ቁረጥ፣ ማዕዘን ያለው ቶሎ ይላጣል።