ከጉምሩክ ሰነድ ወደ ንግድ ድርድር፦ ለአንድ ወጣት ምሩቅ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት የመጀመሪያ ዲግሪዎን ይዘው፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የአስመጪዎችንና የላኪዎችን ሰነድ ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። አሁን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፈው በዓለም አቀፍ ግንኙነት ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አግኝተዋል። ወደፊት በንግድ ፖሊሲ ዘርፍ ተደራዳሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህም «ከተማርኩት ጋር የማይገናኝ» ያሉትን ሥራ ለቅቀው ሙሉ ጊዜዎን ለትምህርት መስጠት ይሻልዎ እንደሆነ፣ ከዓለም አቀፍ ግንኙነት ይልቅ ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ መማር ይበጅ እንደሆነ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት ተዳክሟል በሚባልበት በዚህ ወቅትም ዘርፉ የሚያዛልቅ መሆን አለመሆኑን ጠይቀውኛል።

ከሥራው ልጀምርና ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልንገርዎ፤ አይልቀቁ። ከትምህርቴ ጋር አይገናኝም ያሉት ሥራ፣ ሊገቡበት ለሚፈልጉት ሙያ ከየትኛውም የመማሪያ ክፍል ይልቅ የቀረበ ነው። የንግድ ፖሊሲ በመግለጫና በጉባኤ ሲሰማ ስለ አገሮች ወዳጅነትና ስለ ቀጣናዊ ትስስር ብቻ የሚያወራ ይመስላል። ወደ ተግባር ሲወርድ ግን የሚያርፈው አንድ ዕቃ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይመደባል፣ የስሪት አገሩ የት ነው፣ ዋጋውስ እንዴት ይተመናል በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች እርስዎ ኢንቮይሱን (የዋጋ ሰነዱን)፣ ፓኪንግ ሊስቱን (የዕቃ ዝርዝሩን) እና ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የማጓጓዣ ሰነዱን) አመሳክረው ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ በሞሉ ቁጥር ይመልሷቸዋል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳዎ። አንድ አስመጪ ሞተር ብስክሌቶችን ፈታትቶ በኮንቴይነር ያስገባና በመለዋወጫ ታሪፍ እንዲስተናገድለት ይጠይቃል እንበል። የጉምሩክ ባለሙያው ደግሞ እነዚህ ዕቃዎች ሲገጣጠሙ ሙሉ ሞተር ብስክሌት ስለሚሆኑ ቀረጡ በሙሉ ዕቃው ታሪፍ ይከፈል ይላል። ባለሙያው የሚጠቅሰው መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከሚያስተዳድረው የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት የትርጓሜ ደንቦች ሁለተኛውን ሲሆን፣ ይህ ደንብ ተፈታትቶ የቀረበ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ እንዲመደብ ያዛል። እንዲህ ያለው ሙግት በቢሮዎ ተራ የዕለት ሥራ ሊመስልዎ ይችላል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካና ካናዳ ቻይናን በዓለም ንግድ ድርጅት የከሰሱበት የመኪና መለዋወጫዎች ክርክር የተነሣው ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ቻይና ከውጭ የሚገቡ መለዋወጫዎች በአገር ውስጥ በሚገጣጠም መኪና ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሙሉ መኪናን ያህል 25 በመቶ ታስከፍል ነበር። ለመከላከያዋም ይህንኑ የትርጓሜ ደንብ ጠቅሳ ተከራክራለች። የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በሰጠው ውሳኔ ግን ክፍያው የጉምሩክ ቀረጥ ሳይሆን የአገር ውስጥ ክፍያ ስለሆነ፣ ለውጭ ዕቃ ከአገር ውስጥ ዕቃ ያነሰ አያያዝ መስጠትን የሚከለክለውን ድንጋጌ ይጥሳል ብሏል። ይህን የውሳኔ ሰነድ አንድ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሩቅና እርስዎ እኩል ብታነቡት፣ እርሱ ግር በሚለው ገጽ ላይ እርስዎ የሚያውቁትን ሥራ ያገኛሉ።

አገራችን አሁን የሚያስፈልጋት ሰው ደግሞ ይህን ዓይነቱ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጉዳዩ ከሃያ ዓመት በላይ የወሰደው በፖለቲካዊ ፈቃድ ማነስ ብቻ አይደለም። የመግቢያ ድርድሩ የሚካሄደው ከሁሉም አባላት ጋር በጋራ ብቻ ሳይሆን፣ ፍላጎት ካለው ከእያንዳንዱ አባል አገር ጋር በተናጠል ጭምር ነው። በእያንዳንዱ የታሪፍ መስመር ላይ ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጥልም የሚል ጣሪያ ማቅረብ፣ በአገልግሎት ዘርፍም ባንኩን፣ ቴሌኮሙን፣ ትራንስፖርቱንና ሌላውንም በምን ያህል ስፋትና በምን ቅድመ ሁኔታ ለውጭ ተወዳዳሪ እንደሚከፍቱ መጻፍ ይጠይቃል። በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ስምምነት አገሮች በ90 በመቶ የታሪፍ መስመሮቻቸው ላይ ቀረጥን በሂደት እንዲያነሡ፣ 7 በመቶውን ጥንቃቄ የሚሹ ብለው ረዘም ባለ ጊዜ እንዲያስተናግዱ፣ 3 በመቶውን ብቻ ከነፃነቱ ውጪ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። የትኛው ዕቃ በዚያ 3 በመቶ ውስጥ ይግባ የሚለውን ለመወሰን የትኛው ፋብሪካ ምን እንደሚያመርት፣ ጥሬ ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣና ተፎካካሪው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ እውቀት የሚገኘው ከዕቃውና ከሰነዱ ጋር አብሮ በመዋል ነው።

ይህን ስል የተማሩትን ማሳነሴ እንዳይመስልዎ። የታሪፍ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ተደራዳሪው አገር ለምን በአንድ ነጥብ ላይ እንደሚጠና፣ መቼስ እንደሚለሳለስ ለመረዳት ይቸገራል። የአገራችን የቡና ስሞች ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ሲያመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ጥያቄው በሕግ ረገድ የንግድ ምልክት ይሻላል ወይስ መልክዓ ምድራዊ አመልካች (አንድ ምርት ከተገኘበት ቦታ ጋር ተያይዞ ስሙ የሚጠበቅበት መብት) የሚል ምርጫን ያካተተ ነበር። ቡናው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች የሚመረትና እየተቀላቀለ የሚሸጥ በመሆኑ፣ የእያንዳንዱን ማሳ ጥራትና አመጣጥ እየተቆጣጠሩ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ስለነበር የንግድ ምልክቱ ተመረጠ። ከዚያም የሲቪል ማኅበራት ድጋፍ፣ የመገናኛ ብዙኃን ዘገባና ዲፕሎማሲ ታክለውበት ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ በ2007 ስምምነት ተደረሰ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሕጉ፣ የቡናው አመራረትና የፖለቲካው ግፊት አንዱ ከሌላው ተለይቶ ውጤት አያመጣም ነበር። እርስዎ ሦስተኛውን በዲግሪዎ፣ ከሁለተኛው ከፊሉን በሥራዎ ይዘዋል።

ስለዚህ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ያገኙትን ዕድል ይቀበሉ፤ ነገር ግን ትምህርቱን እንዳለ አይውሰዱት። ትምህርት ክፍሉ ከፈቀደልዎ ከኢኮኖሚክስ ክፍል የዓለም አቀፍ ንግድ ኢኮኖሚክስንና የኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመመርመር ዘዴ) መግቢያን፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ የዓለም አቀፍ ኢኮኖሚ ሕግን በምርጫ ትምህርትነት ይውሰዱ። የመጀመሪያ ዲግሪዎ በሕግ ስላልሆነ በንግድ ክርክሮች ላይ በሕግ ባለሙያነት ለመቆም አይችሉም፤ ይህን መንገድ ከአሁኑ መተው ይሻላል። የዓለም ንግድ ድርጅት መሠረት የሆነውን የጋት (አጠቃላይ የታሪፍና የንግድ) ስምምነት አንቀጽ 1፣ 3፣ 20 እና 24 ግን ሕግ እንደተማረ ሰው ቃል በቃል ማንበብ ይችላሉ፣ ማንበብም አለብዎ። ኢኮኖሚክስን በተመለከተ፣ የሁለት አገሮች ንግድ ከኢኮኖሚያቸው ስፋት ጋር እንደሚጨምርና በመካከላቸው ካለው ርቀት ጋር እንደሚቀንስ የሚያሳየውን የግራቪቲ ሞዴል ስታታ ወይም አር በሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች መሥራት ከቻሉ፣ ከዘርፉ ምሩቃን ብዙዎቹ የሌላቸውን ችሎታ ያዙ ማለት ነው። ሒሳብ ያስፈራኛል ብለው ጽፈውልኛል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሒሳብ ግን በትዕግሥት የሚለመድ እንጂ ልዩ ተሰጥዖ የሚጠይቅ አይደለም።

የዓለም ንግድ ድርጅት መዳከምን በተመለከተ ያነሡት ስጋት መሠረት አለው። አሜሪካ የአዳዲስ ዳኞችን ሹመት በማገዷ ይግባኝ ሰሚው አካል ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሥራውን ማከናወን አልቻለም፤ ኃያላን አገሮችም በተናጠል ታሪፍ መጣላቸውን ቀጥለዋል። ነገር ግን ይህ የባለሙያውን ተፈላጊነት ይቀንሳል ብዬ አላምንም። የጋራው ደንብ ሲላላ እያንዳንዱ አገር ከእያንዳንዱ አገር ጋር መደራደር ግድ ይሆንበታል፤ አቅሙ ያነሰ አገር ደግሞ የተሻለ የተዘጋጀ ሰው ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው አጎዋ፣ ማለትም ምርቶችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ስትወጣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት ተቀጥረው የነበሩ ወጣቶች ላይ የደረሰውን እናውቃለን። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብም፣ ተፈጻሚነቱ ቢራዘምም፣ ቡና ላኪዎች ቡናው የተለቀመበትን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ከግማሽ ሄክታር በታች ማሳ ካላቸው ገበሬዎች ቡና የሚሰበስብ ላኪ ይህን እንዴት ያሟላ? ይህን ጥያቄ ከጅማም ከብራስልስም በኩል አይቶ የሚመልስ ሰው በብዛት የለንም።

የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርእስ ከአሁኑ ማሰብ ይጀምሩ፤ መምህርነትን ካሰቡ ደግሞ ይህ ከሁሉ የላቀ ጉዳይ ነው። «የኢትዮጵያ የንግድ ፖሊሲ ተግዳሮቶችና ዕድሎች» ከሚል ሰፊ ርእስ ይራቁ። ለምሳሌ በተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት ውስጥ ኢትዮጵያ ወደ ጀርመን ላክሁ ያለችውን ያልተቆላ ቡና፣ ቁጥሩ 0901.11፣ ጀርመን ከኢትዮጵያ አስገባሁ ካለችው ጋር ያነጻጽሩ። የላኪው አገር መዝገብ ማጓጓዣንና መድንን ስለማይጨምር፣ የአስመጪው ግን ስለሚጨምር፣ በዋጋው ላይ መጠነኛ ልዩነት ይጠበቃል። ልዩነቱ ከዚያ ሲያልፍ ወይም በክብደቱም ላይ ሲታይ ቡናው በሌላ አገር በኩል አልፎ እንደሆነ፣ ዋጋው አንሶ ተመዝግቦ እንደሆነ ወይም የመላኪያው ጊዜ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ተሻግሮ እንደሆነ መመርመር ይቻላል። ቡና ላኪ ደንበኞች ስላሏችሁ ቁጥሩ የማይነግርዎትን ከእነርሱ ጠይቀው ይረዳሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለዶክትሬት ማመልከቻም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም ያገለግላል።

ስለ ሥራ ቦታዎች ባጭሩ ልበልና ላብቃ። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንና የራሱ የንግድ ፖሊሲ ማእከል ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሁሉም እዚሁ ናቸው። የነፃ ንግድ ቀጣናው ጽሕፈት ቤት አክራ፣ የኮሜሳው (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ደግሞ ሉሳካ ይገኛሉ። በእኔ አስተያየት ትምህርቱን ሲጨርሱ መጀመር ያለብዎ ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ደመወዙ ከትራንዚት ቢሮው እንደሚያንስ አልሸሽግዎትም፣ የቤት ኪራይና የቤተሰብ ኃላፊነት ካለብዎም ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ነገር ግን ድርድር ውስጥ የሚገባው የመንግሥት ባለሙያ ነው፤ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥራም በመንግሥት ውስጥ ያገኙት ልምድ ትልቅ ዋጋ አለው። የውጭ የትምህርት ዕድልም ቢሆን ልምድ ይፈልጋል፤ የብሪታንያው ቺቭኒንግ ለምሳሌ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የትራንዚት ቢሮው ሁለት ዓመት ይህን ለማሟላት እንደሚረዳዎ አይርሱ። ፈረንሳይኛ ደግሞ ዛሬ ይጀምሩ፤ ከዓለም ንግድ ድርጅትም ከአፍሪካ ኅብረትም የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተደራዳሪዎች ብዙዎቹም የሚናገሩት እርሱን ነው።

በዚህ ሳምንት እንዲያደርጉ የምመክርዎ ሁለት ነገር አለ። ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄደው የተቀበሉትን ቦታ ወደ ማታው ፕሮግራም ለማዛወር ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልዎ ያመልክቱ። አሠሪዎንም ከማስመጣት ሰነዶች ወደ ቡናና ቅባት እህል የመላኪያ ሰነዶች እንዲያዛውሩዎ ይጠይቋቸው።