በረራ ላይ ራዲዮ ጠፋብኝ፤ ትምህርቱን ልተወው?

እህቴ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የላክሽልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። አብራሪ ለመሆን እየተማርሽ ነው፤ ብቻሽን እየበረርሽ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል ማነሱን የሚናገረው የሎው ቮልቴጅ መብራት በራ፣ ትንሽ ቆይቶ ራዲዮው ጸጥ አለ፣ ታወሩ (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) «ማረፍ ትችያለሽ» የሚለውን አረንጓዴ መብራት አሳየሽና በሰላም አረፍሽ። ኢንስትራክተርሽ የሆነውን በጽሑፍ አቅርቢ ብሎሻል። አንቺ ግን ለዕረፍት ቤት ገብተሽ ሪፖርቱን ሳትጽፊ ቀረሽ፤ «ይሄ ፋይሌ ውስጥ ከገባ ማን ይቀጥረኛል? ወደ አውሮፕላን ጥገና ልዙር ወይ?» ትያለሽ። እናትሽም «ይቅርብሽ» ብለዋል።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ወጣቶችን ስለ ሥራ የማማክር ሰው ነኝ። ከብልሽቱ ይልቅ ያሳሰበኝ አለመጻፍሽ ነው።

አልተርኔተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል፣ ይበላሻል። የምትበሪያት ዓይነት ሴስና 172 ግን ሞተሯ የሚቀጣጠለው የራሱን ብልጭታ በሚያመነጨው ማግኔቶ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም አይቆምም። አንቺም ይሄን አልዘነጋሽም፤ «መጀመሪያ ፍጥነቴንና ከፍታዬን አየሁ» ብለሻል። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የደከመበት ሹፌርም ቢሆን ማርሹን ሳይዝ ስልኩን አያነሳም። ከዚያ በቼክሊስቱ መሠረት አልተርኔተሩን አጥፍተሽ አበራሽ፣ እምቢ ሲል የማያስፈልገውን ሁሉ ዘጋሽ፣ ለራዳር መለያ በሚልከው ትራንስፖንደር ላይ «ራዲዮ ጠፍቶብኛል» የሚለውን ኮድ 7600 አስገባሽ፣ የማይቋረጠውን አረንጓዴ መብራት ስታዪ አረፍሽ። ያውም ፍላፑ (አውሮፕላኑ በዝግታ እንዲያርፍ ከክንፉ የሚወርደው ክፍል) በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ሳታወርጂው! እንዲህ ያለ ማረፍ ረዘም ያለ የማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል። በደጋው ስስ አየር ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ ወደ 75 ኖት ይከንፋል። ይሄን አስበሽ የሜዳውን መጀመሪያ ላይ ለመንካት መሞከርሽን የጻፍሽው በግማሽ መስመር ነው። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምጠይቅሽ ስለዚያች ግማሽ መስመር ነበር።

«7600 ለማስገባት ዘገየሁ» ያልሽውንም ጻፊው። ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ያየሽውን፣ ያደረግሽውን በቅደም ተከተል አስቀምጪ፤ ሰበብና ይቅርታ አያስፈልገውም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን የቺካጎ ስምምነት አባሪ 19 የደኅንነት መረጃ የሰጠ ሰው በሰጠው መረጃ እንዳይጎዳ ጥበቃ እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ሆን ብሎ ያጠፋን ግን አይሸፍንም። ያንቺ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ያልተጻፈ ሪፖርት ግን ነገ ሌላ ሰው ሲያነሳው «ለምን ደበቀች?» ያሰኛል፣ የዚያን ጊዜ መልስ ያጥርሻል። የዚያች አውሮፕላን ሌላ ተማሪም አለ፤ ሽቦው በደንብ ካልታየ ነገ የሚቸገረው እሱ ነው።

ስለ ጥገናው፦ ሞተር መፍታት የምትወጂ ከሆነ ጥሩ ሙያ ነው፣ ሂጂበት። ከፍርሃት ለመሸሽ ከሆነ ግን እዚያም ፍርሃት አለ። ቴክኒሺያኗ «ለበረራ ብቁ ነው» ብላ የምትፈርመው ሌላ ሰው ለሚሳፈርበት አውሮፕላን ነው።

ውሳኔውን ቤት ተቀምጠሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ፓይለቷ መጣች» እያለ ሲስምሽ አትወስኚ። ስትመለሺ ከሚቀጥለው ሶሎ (የብቻ በረራ) በፊት ኢንስትራክተርሽ አብሮሽ እንዲወጣ ጠይቂው። ኤሌክትሪኩ የጠፋ እያስመሰለ ያለ ፍላፕ ያሳርፍሽ። መጠየቅ ድክመት ሆኖ የሚቆጠርበት ትምህርት ቤት ከሆነ እሱንም ማወቁ ይጠቅምሻል። ከዚያ በኋላ «አልፈልገውም» ካልሽ እኔም አልከራከርሽም፤ ለእናትሽም አብረን እንነግራቸዋለን።

ነገሩ ከአእምሮሽ ሳይደበዝዝ ግን ረቂቁን አሁኑኑ ጀምሪው። ከፈለግሽ ላኪልኝ፣ አማርኛውን አይልሻለሁ፤ ቴክኒኩን ኢንስትራክተርሽ ይየው።