ለሕንፃው የገባሁት ቃልና የእናቴ መድኃኒት

ጥያቄ፦ ለአጥቢያችን ሕንፃ ማሠሪያ በየወሩ 2,500 ብር፣ በ2 ዓመት 60,000 ብር ልሰጥ ቅጽ ፈርሜያለሁ። 8 ወር እንደከፈልኩ ባሏ የሞተባት እናቴ ስኳር ጸናባት። መድኃኒቷ በወር 1,800 ብር ይፈጃል፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም። ሽማግሌዎቹ ግን «ለእግዚአብሔር የተለየ ገንዘብ ወደ ቤት አይመለስም፤ እስክትከፍዪ ከጌታ እራት ትቆያለሽ» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። መድኃኒታቸውን አንድ ቀንም አያቋርጡ። ጌታ በማርቆስ 7፥9-13 የተናገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

እዚያ «ቍርባን» የተባለው ዛሬ በቃሉ የምንረዳው ሥጋ ወደሙ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ነው። ሰው ወላጆቹን «ከእኔ የምትጠቀሙበት ሁሉ ቍርባን ነው» ካለ፣ ንብረቱ እጁ ላይ እያለም ለእነርሱ መስጠት ክልክል ይሆንበት ነበር። በኢየሩሳሌም አቅራቢያ በተገኘ አንድ የአፅም ሣጥን ላይ ይኸው ቃል በአራማይክ ተቀርጿል፤ ማንም ሣጥኑን ለጥቅሙ እንዳይነካው። ጌታ መባን አልነቀፈም። የነቀፈው «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ በስእለት መሻርን ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀረው፣ ሚሽና በሚባለው የአይሁድ የቃል ሕግ መድብልም የአይሁድ ሊቃውንት ስእለቱ በልጅና በወላጅ መካከል ሲገባ ስለ ወላጅ ክብር ሊፈታ እንደሚችል ተስማምተዋል።

ሽማግሌዎቹ መክብብ 5፥4ን ይጠቅሱ ይሆናል። እውነት ነው፣ የተሳሉትን መክፈል ይገባል። ነገር ግን ዘሌዋውያን 27 ሰው ለእግዚአብሔር ሲሳል የሚከፈለውን ግምት ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለ ወንድ 50፣ ለሴት 30 ሰቅል (የጥንት ሚዛን) ብር ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ቁጥር 8 ላይ የተሳለው ሰው ድሀ ቢሆን ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት ይላል። ጳውሎስም የመበለት ልጆች «አስቀድመው» ለቤታቸው እግዚአብሔርን መምሰል ያሳዩ፣ ለወላጆቻቸውም ብድራት ይመልሱ ብሏል (1 ጢሞ. 5፥4)።

ስለዚህ ዝም ብለው ክፍያ አያቁሙ፤ ያኔ ነገሩ ስለ እናትዎ መሆኑ ይቀርና የእርስዎ እምነት መጉደል ሆኖ ይወራል። የከፈሉትን 20,000፣ የቀረውን 40,000፣ የመድኃኒቱን ወጪ በአንድ ገጽ ጽፈው ከፋርማሲው ደረሰኝ ጋር ለሽማግሌዎች ጉባኤ ያስገቡ፤ ቅጂውን ያስቀሩ። ከ2,500 ብሩ 1,800 ሲነሳ 700 ይተርፋል። በየወሩ 700 ቢከፍሉ ቀሪው 57 ወር ያህል ይወስዳል፤ ወይ ይህን ይጠይቁ፣ ወይ ቀሪው እንዲቀነስ። ሲያነጋግሯቸውም ማርቆስ 7ን በሰው ፊት አያንብቡባቸው፤ የተዋረደ ሽማግሌ ጥቅሱን አይሰማም።

የጌታን እራት መከልከሉ ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ በየዋህነት ይንገሯቸው እንጂ አይቀበሉት። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በዚያው ማዕድ ዙሪያ የገሠጻቸው የሌላቸውን ስላሳፈሩ ነው (1 ቆሮ. 11፥22)። የገንዘብ ቃል ኪዳን የማዕዱ መግቢያ ይሁን የሚል አንድም ጥቅስ የለም።

ጌታ በማርቆስ 7 ትእዛዝን የሚሽረውን የሰው «ወግ» ቢነቅፍም፣ ወግ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። 2 ተሰሎንቄ 2፥15 የሐዋርያትን ትምህርት የሚጠራው በዚሁ «ወግ» በሚለው ቃል ነው። የቃል ኪዳን ቅጹም ሰው ያወጣው ጠቃሚ አሠራር ነው። የሚበላሸው እንደ ትእዛዝ ሲቆጠር ነውና፣ ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «በቤተሰብ ላይ ችግር ሲደርስ መጠኑ በምክክር ይሻሻላል» የሚል መስመር እንዲጨምሩ በደብዳቤዎ መጨረሻ ይጠይቁ።