የሽፋኑ ሥዕል የማን ነው?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤

የምኖረው ጅማ ነው። ቀን ቀን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ቤት እሠራለሁ፤ ባነር፣ ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ። ማታ ማታ የልብወለድ ሽፋን እሥላለሁ። ሥራው የሚመጣልኝ ከአዲስ አበባ ነው። ታሪኩን በቴሌግራም ባጭሩ ይነግሩኛል፤ በአክሪሊክ ሠርቼ ከመናኸሪያ በመኪና እልካለሁ።

ከሠራኋቸው ሽፋኖች አንዱ ቡና የምትቀዳ ሴት ናት፤ ከኋላዋ ፍሬው የቀላ የቡና ዛፍ አለ። መጽሐፉ በጣም ተሸጠ፣ ደጋግሞም ታተመ። እኔ የተከፈለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ውልም የለንም። ሥዕሉን በፖስተር አየሁት፤ የደራሲው ሌላ መጽሐፍ ጀርባ ላይም አየሁት። ስሜ የትም የለም። በመጨረሻው እትም ጭራሽ ግራ ቀኙን ገልብጠውት ሴትዮዋ በግራ እጇ ትቀዳለች። ቀድማ ያየችው እናቴ ናት። «ምነው ልጄ፣ ቡና በግራ ይቀዳል እንዴ?» አለችኝ። ዋናው ሥዕል አሳታሚው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉ።

ስደውል «ከፍለንሻል እኮ» ይሉኛል። አሁን ደግሞ ለአዲሱ እትም ቀለሙን ቀይሪልን ብለዋል። የማስታወቂያ ቤቱ ባለቤት ደመወዝ ልጨምርልሽ፣ የማታውን ሥራ ተይው ይለኛል፤ እናቴም በዚህ ተስማምታለች። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ግቢ ይላሉ። ምን ላድርግ?

ሰዓሊዋ፣ ከጅማ

እህቴ፣

እናትሽ ዓይናቸው ብርቱ ነው። ቡና በግራ ስትቀዳ ያየ አንባቢ ሰዓሊው አገሩን አያውቅም ይላል። ሥራው ያንቺ መሆኑን የሚያውቁ ደግሞ የሚያነሱት ያንቺን ስም ነው። መናደድሽ ትክክል ነው።

መስማት የማትወጂውን ላስቀድም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ታዞ የተሠራን ሥራ በተመለከተ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱን ላሠራው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ካለፉት እትሞች ገንዘብ አገኛለሁ ብለሽ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። ስምሽ ግን ሌላ ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ መጠቀስ የሞራል መብት ነው፤ «ከፍለንሻል» የሚለው መልስ ይህን አይሸፍነውም።

«ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ቃል አጥብቀሽ ያዢያት። የሽፋን ሰዓሊ እንጀራ ያለው እዚያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ፍራዜታ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀብዱ ልብወለድ ሽፋኖች ሲሠራ ለአሳታሚ የሚሸጠው የማተም ፈቃዱን ነበር። ዋናው ሥዕል እንዲመለስለት አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። በ1969 የመጽሔት ሽፋን የነበረ አንድ ሥዕሉ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ2019 በጨረታ 5.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያንቺም ይህን ያህል ያወጣል እያልኩ አይደለም። ግን ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሸራ ከሽፋኑ የተለየ ሌላ ንብረት ነው፤ ማንም ሳይነጋገርበት እዚያ ቀርቷል።

አሁን ቀለም ቀይሪልን ማለታቸው ለአንቺ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ያለ አንቺ ቢሆንላቸው ኖሮ አይደውሉም ነበር። ብሩሽ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ገጽ ውል ላኪላቸው። ፈቃዱ ለዚህ መጽሐፍ ሽፋን፣ ለዚህ እትም፣ ለይህን ያህል ቅጂ ብቻ መሆኑን ጻፊ። ፖስተርና ሌላ መጽሐፍ ከፈለጉ ለብቻው ይከፍላሉ። ያለ ፈቃድሽ መገልበጥ፣ መቁረጥ፣ ቀለም መለወጥ አይቻልም። መጽሐፉ ውስጥ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም ባለበት ገጽ፣ «የሽፋን ሥዕል» ተብሎ ስምሽ ይግባ። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ። ይህ ሁሉ በፊርማ ይሁን፤ በስልክ «እሺ እሺ» ተባብሎ መለያየት ነው እዚህ ያደረሰሽ።

ዋናው ሥዕልም ይመለስልሽ፤ ለሥራውም ያስፈልግሻል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጊና ፋይሉን ራስሽ ያዢው። ስክሪን ላይ ደምቆ የሚታይ ቀይ፣ ማተሚያ ቤት በአራቱ የኅትመት ቀለሞች (ሰማያዊ፣ ሮዝማ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ሲወጣ ይደበዝዛል። የቡናው ፍሬ ቡናማ ሆኖ እንዳይቀር ሙሉው ከመታተሙ በፊት የታተመ ናሙና ልከውልሽ እንድታጸድቂ ውሉ ላይ አስገቢ።

አዲስ አበባን ለዚህ ብለሽ አትግቢ። ሥራው ጅማ ድረስ እየመጣልሽ ነው፤ እዚያ የሽፋን ገቢሽን የቤት ኪራይ ነው የሚበላው። የቀን ሥራሽን ያዢ፣ ግን የማታውን ተይ የሚለውን ጭማሪ አሁን አትቀበይ። እናትሽን ይህ ውል መልስ እስኪያገኝ እንዲታገሡሽ ለምኛቸው።

አሳታሚው አልፈርምም ካለ አዲሱን ቀለም አትሥሪለት። ለደራሲው ራሱ ጻፊለት። ማን እንደሣለው ጨርሶ ላይነግሩት ይችላሉ፤ ለቀጣዩ መጽሐፉ ሽፋን ማን ይሥራልኝ ብሎ የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።