ቲስልጎርምን ከቦይለሯ ጀምራችሁ አንብቧት

በባሕር ዳርና በባቦጋያ የመርከብ ሙያ የምትማሩ ልጆች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀይ ባሕር ላይ በቦምብ ስለሰጠመችው የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ስለ ቲስልጎርም የሚወራው ሁሉ የሰጠመችበትን ሌሊት ነው። የእናንተ ትምህርት ግን ከዚያ ሌሊት በፊት ይጀምራል፤ ሞተሯንና የጭነት አደራደሯን ሳታውቁ ቦምቡን ብታውቁ ለሥራችሁ አይረባም።

መርከቧ በእንግሊዝ አገር ሰንደርላንድ ተሠርታ በኤፕሪል 1940 (እ.ኤ.አ.) ውኃ ላይ ወረደች። ባለቤቷ አልቢን ላይን የተባለ የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ መንግሥት ለጦርነቱ ስለፈለጋት በከፊል ወጪዋን ችሏል። ርዝመቷ 126 ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ከአሜሪካ የባቡር ሐዲድና የአውሮፕላን ዕቃ፣ ቀጥሎ ከአርጀንቲና እህል፣ ከዚያ ከካሪቢያን ደሴቶች ስኳርና ረም አመላለሰች። ብዙ መርከብ የሚሰጥም በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሞተሯ 1,850 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሦስት ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተር ነው። እንፋሎቱ ውኃ ከሚፈላበት ቦይለር ወጥቶ በከፍተኛ ግፊት ትንሹ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሠርቶ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ያልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ እንፋሎቱ ስለሚሰፋ ሲሊንደሮቹም እየተለቁ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ኮንደንሰር ውስጥ የባሕር ውኃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ላይ በርዶ ውኃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። የእንዲህ ዓይነቷ መርከብ ደካማ ጎን እዚህ ነው። በበጋ የቀይ ባሕር ውኃ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ቫኪዩም (እንፋሎቱ ውኃ ሲሆን የሚፈጠረው ባዶነት) ይወርዳል፤ ያው ከሰል እየነደደ ፍጥነቷ ይቀንሳል። ጀማሪ መካኒክ ይህን ሳያይ ጥፋቱን በእሳት አንዳጁ ላይ ያላክካል።

አንዲት ቱቦ ከተሸነቆረች ጨው ወደ ቦይለር ይገባል። ከኮንደንሰሩ የወጣውን ውኃ በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ጥቂት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩበት፤ ነጣ ካለ ጨው አለ። ለጊዜው በባሕር ውኃው መግቢያ በኩል ሰጋቱራ ይለቀቃል፤ ቫኪዩሙ ስቦ ቀዳዳው ላይ ይወትፈዋል። ይህ ማስታገሻ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲቆም የተበላሸችው ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ በውታፍ ትደፈናለች። ቸል ከተባለ በእሳት ማንደጃው ጣሪያ ላይ ቅርፊት ይጋገራል፤ ብረቱ ከውኃው ስለሚለይ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በግፊቱ ወደ እሳቱ ይጎብጣል።

ጁን 2 ቀን 1941 ከግላስጎ ወደ እስክንድርያ ተነሣች። ሜዲትራኒያን በጠላት ስለተያዘ አፍሪካን ዞረች፤ ኬፕታውን ላይ ከሰል ሞላች። በሴፕቴምበር የስዊዝ መተላለፊያ በመርከቦች ግጭት ስለተዘጋ በሲናይ ጫፍ አጠገብ፣ ሻዕብ ዓሊ በተባለ የቀይ ባሕር ሪፍ ላይ መልህቅ ጣለች።

መልህቅ መጣል ዕረፍት የሚመስለው ሞተር ክፍል ያልገባ ሰው ነው። ብዙ ውኃ የሚይዙትን የዚያን ዘመን ቦይለሮች ከቀዝቃዛ አንሥቶ እንፋሎት ለማድረስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከቸኮላችሁ ላዩ ይግላል፣ ታቹ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱ እኩል ስለማይለጠጥ መገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። ስለዚህ ትእዛዝ የምትጠብቅ መርከብ እሳቷን አታጠፋም፣ ታዳፍናለች፦ ፍሙ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ በደቃቅ ከሰል ይሸፈናል፣ የአየር መግቢያው ይጠብባል።

አሁን ወደ ጭነቱ። ከታች መኪኖች፣ በመኪኖቹ ላይ ደግሞ ኖርተንና ቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ሳይክሎች፣ ቦቲ ጫማ፣ ጠመንጃና ጥይት ነበር። ከላይ በመደቡ (በመርከቧ የላይኛው ወለል) ላይ እያንዳንዳቸው ከ70 ቶን በላይ የሚመዝኑ ሁለት የባቡር ሎኮሞቲቮች ታስረዋል። እስቲ አስሉት፦ መርከብ በቀን 20 ቶን ከሰል ብታነድ በ30 ቀን 600 ቶን ከታች ይጎድላል፤ የላዩ ክብደት ግን እዚያው ነው። የስበት ማዕከሏ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ስትወዛወዝ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ከአንድ ጎን ተነሥታ ወደዚያው ጎን እስክትመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ለኩ፤ የአሥር ውዝዋዜ አማካይ ይበቃል። ከቀን ወደ ቀን ከረዘመ ከመርከቧ ወለል ሥር ያለውን ታንክ በባሕር ውኃ ሙሉ፤ ግን አንዱን ጢም ሳታደርጉ ሌላውን አትክፈቱ። ግማሽ የሞላ ታንክ ውስጥ ውኃው እየተንገላታ መርከቧን ይበልጥ ያናጋል። የትኛው ታንክ እንደተከፈተ ለመርከቡ መኮንን ያልነገረ መካኒክ ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

ኦክቶበር 6 ከሌሊቱ 7፡30 ገደማ ከቀርጤስ የመጣ ሄንክል የተባለ የጀርመን አውሮፕላን የጣላቸው ሁለት ቦምቦች በኋላ በኩል ያለውን አራተኛውን የጭነት ክፍል መቱ። እዚያ የነበረው ጥይት አብሮ ፈነዳ። አራት መርከበኞችና አምስት የባሕር ኃይል መድፈኞች ሞቱ፤ ሎኮሞቲቮቹ ከመደቡ ተወርውረው በሁለቱም ጎን የባሕሩ ወለል ላይ አረፉ። የፊተኞቹ ክፍሎች ሞተር ሳይክሎች ግን ዛሬም እንደተደረደሩ ናቸው። ፈንጂ ከምን ጎን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ የጭነት ፕላኑ ወረቀት ላይ፣ ወደብ ሳለን የሚመለስ ነው።

ፍርስራሹ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ጠላቂዎችን የሚያመጡ ጀልባዎች ገመዳቸውን በመርከቧ አካል ላይ እያሰሩ ብረቷን ገነጣጥለዋል። በ2007 ለብቻ የተተከሉ ማሰሪያዎች ገቡ፤ ጠላቂዎች የሚተነፍሱት አየር ጣሪያ ሥር ታምቆ ዝገቱን ስለሚያፋጥን መውጫ ቀዳዳም ተበሳላት። ወደዚያ የምትጠልቁ ከሆነ ጀልባችሁ የት እንደሚያስር ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱ መርከቧ ላይ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።